የአክቲን ክር በሕዋስ ውስጥ፤ አሠራሩና አፈራረሱ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪም ዴቪድ ሮጀርስ ካሜራ ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝተው አንድ አጭር ፊልም አነሡ። በፊልሙ ላይ አንድ ነጭ የደም ሕዋስ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እየተሽሎከለከ አንድን ባክቴሪያ ሲያሳድድ ይታያል። ባክቴሪያው ወደ ቀኝ ሲል ሕዋሱም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ይደርስበትና ይውጠዋል።

ይህን ፊልም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕዋሱ ባክቴሪያው ያለበትን አቅጣጫ በምን አወቀ ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከዚህ የሚያንስ አይደለም። እግርም አጥንትም የሌለው፣ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል የሆነ ሕዋስ በምን ኃይል ይራመዳል? አቅጣጫ ሲለውጥስ የቀድሞ ፊቱ ወዴት ይሄዳል? መልሱ በአንድ ቃል አክቲን ነው። ሕዋሱ በፊቱ በኩል የአክቲን ክሮችን እየሠራ ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ የሠራቸውን ክሮች እያፈረሰ ነጠላዎቹን ለአዲስ ሥራ ይመልሳል።

በኢትዮጵያ ገጠር ለሠርግ የሚጣለው ዳስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ምሰሶው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ቅጠሉ ይለብሳል፤ ድግሱ ሲያልፍ ሁሉም ይፈርሳል። እንጨቱ ግን አይጣልም፤ ጎረቤት ለሚቀጥለው ድግስ ይዋሰዋል። መንደሩ ዳስ መጣልን ብቻ እንጂ ማፍረስን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ፣ ከጥቂት ሠርግ በኋላ እንጨቱ ያልቅ፣ መተላለፊያውም ይጠፋ ነበር። የሕዋስም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ አክቲን በሚሰጠው ትምህርት ዘወትር ከፍ ብሎ የሚነገረው የክሩ መሠራት ነው፤ መፍረሱ እንደ ተራ መጨረሻ ይቆጠራል። ይህ ንግግር ሊያስረዳ የሚሻው ግን ማፍረስ የሥራው ግማሽ መሆኑን፣ ሕዋሱም ኃይሉን የሚያወጣው በተለይ ለማፍረሱ መሆኑን ነው።

የአክቲን መገኘት

አክቲን መጀመሪያ የታወቀው በጡንቻ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሀንጋሪ አገር በሴጌድ ከተማ፣ የ1937 የኖቤል ተሸላሚ አልበርት ሴንት ጂዮርጂ በሚመሩት ቤተ ሙከራ፣ ኢሎና ባንጋ የተባሉት ተመራማሪ የተፈጨ ጡንቻ በጨው ውሃ ይዘፈዝፉ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተጠለለው ፈሳሽ ቀጭን ሆነ፤ ሌሊቱን ያደረው ግን ወፍሮ ተገኘ። ኤ.ቲ.ፒ. ሲጨመርበት ውፍረቱ ወዲያው ቀነሰ። የዚህን ልዩነት ምክንያት ያገኙት ብሩኖ ሽትራውብ ናቸው። በ1942 ያደረው ፈሳሽ ከማዮሲን ሌላ ሁለተኛ ፕሮቲን እንደ ያዘ አረጋግጠው ለይተው አወጡት፤ ማዮሲንን የሚያነቃቃ በመሆኑም አክቲን ተባለ። እኚህ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከ1988 እስከ 1989፣ የሀንጋሪ ርእሰ ብሔር ለመሆን የበቁ ናቸው።

አክቲን ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ እንደ ተበታተነ ዶቃ ነው። ጨው ሲገባበት ዶቃዎቹ ይያያዙና ረጅም ክር ይሆናሉ፤ ጨው ሲወጣ ክሩ ተመልሶ ይበተናል። በ1950 ሽትራውብና ባልደረባቸው ፎየር እያንዳንዱ ነጠላ አክቲን አንድ ኤ.ቲ.ፒ. እንደሚሸከም፣ ክሩም ሲሠራ ይህ ኤ.ቲ.ፒ. ወደ ኤ.ዲ.ፒ. እንደሚለወጥ አሳዩ። ይህ ግኝት ታላቅ እንቆቅልሽ አስከተለ። ኤ.ዲ.ፒ. የያዘ አክቲንም በበቂ መጠን ከቀረበ ክር ይሠራልና፣ ኤ.ቲ.ፒ.ን ማቃጠል ለክሩ መሠራት ግዴታ አይደለም። ታዲያ ሕዋስ ያለ ጥቅም ኃይሉን ያባክናልን? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ አክቲን የጡንቻ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። በ1966 ሳዳሺ ሐታኖና ፉሚዮ ኦሳዋ በጃፓን አገር፣ ጡንቻ ከሚባል ነገር እጅግ ከራቀው ፊዛረም ከተባለው ዝልግልግ ፍጡር አክቲንን ለዩ። በ1969 ደግሞ ኢሺካዋ፣ ቢሾፍና ሆልትዘር በልዩ ልዩ የእንስሳት ሕዋሳት ውስጥ የአክቲን ክር መኖሩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋገጡ። ዛሬ አክቲን ኒውክለስ ባላቸው ሕዋሳት ሁሉ ዘንድ እጅግ በብዛት ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው።

የክሩ አወቃቀር

ነጠላው አክቲን 375 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ክብደቱ 42,000 ዳልተን ያህል የሆነ ፕሮቲን ነው። መካከሉ እንደ ስንጥቅ ከፈት ያለ ሲሆን፣ ኤ.ቲ.ፒ. በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ቅርጹ በኤክስ ሬይ ተጠንቶ በግልጽ የታወቀው በ1990 በሃይደልበርግ ከተማ በቮልፍጋንግ ካብሽ፣ በኬኔዝ ሆምስና በባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። በ2022 ደግሞ በዶርትሙንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች ክሩን አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመመርመር በውስጡ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ሳይቀር ለማየት ቻሉ።

ክሩ ሁለት ረድፍ ዶቃ እንደ ገመድ ተገምዶ የሚታይ ነው። አንድ ነጠላ አክቲን በተጨመረ ቁጥር ክሩ በ2.7 ናኖሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ አንድ ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው ክር 370 ያህል ነጠላዎች አሉት ማለት ነው። ነጠላዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ስለሚሰለፉ የክሩ ሁለት ጫፎች አይመሳሰሉም። በ1963 ሂዩ ሐክስሊ ክሩን በማዮሲን ቁራጮች ሲያለብሱት የቀስት ራስ ሰልፍ መስሎ ታየ። ቀስቶቹ የሚያመለክቱበት ጫፍ ሹል ጫፍ፣ ተቃራኒው ባለ መንጠቆ ጫፍ የተባሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ባለ መንጠቆው ጫፍ በፍጥነት፣ ሹሉ ጫፍ በዝግታ የሚያድጉ በመሆናቸው፣ ለግልጽነት ሲባል ከዚህ በኋላ ፈጣኑ ጫፍና ዝግተኛው ጫፍ ይባላሉ።

ከነጠላ ወደ ክር

አንድን ክር ለመጀመር እጅግ ያዳግታል። ሁለት ነጠላዎች ቢገናኙ ወዲያው ይለያያሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር ግን ማኅበራቸው ይጸናል። በሁለት ጉልቻ ላይ ድስት እንደማይጣድ፣ በሦስት ግን እንደሚጣድ ሁሉ፣ የአክቲንም ክር መሠረቱ ሦስት ነው። ኦሳዋና ባልደረቦቻቸው በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ጥናት ይህን ሁኔታ ከእንፋሎት ወደ ጠብታ መለወጥ ጋር አነጻጽረውታል። አየር ከተወሰነ መጠን በላይ እንፋሎት ሲሸከም ትርፉ ጠል ሆኖ ይወርዳል። የአክቲንም መጠን ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ትርፉ ክር ይሆናል፤ ከወሰኑ በታች ያለው ነጠላ ሆኖ ይቀራል። ይህም ወሰን ወሳኝ መጠን ይባላል።

ቶማስ ፖላርድ በ1986 የሁለቱን ጫፎች ፍጥነት ለየብቻ ለኩ። ኤ.ቲ.ፒ. የያዘው አክቲን በአንድ ማይክሮሞላር መጠን ሲቀርብ፣ በፈጣኑ ጫፍ ላይ በሴኮንድ 11.6 ነጠላዎች ይገባሉ፤ 1.4 ይወጣሉ። በዝግተኛው ጫፍ ላይ የሚገቡት 1.3፣ የሚወጡት 0.8 ናቸው። የሚወጣው ለሚገባው ሲካፈል ወሳኙ መጠን ይገኛል፤ ይኸውም ለፈጣኑ ጫፍ 0.12፣ ለዝግተኛው 0.6 ማይክሮሞላር ነው። የነጠላው አክቲን መጠን 10 ማይክሮሞላር ቢሆን ፈጣኑ ጫፍ በሴኮንድ ከመቶ በላይ ነጠላዎችን ይቀበላል፤ ክሩም በሴኮንድ ሦስት ዐሥረኛ ማይክሮሜትር ያህል ያድጋል።

የኤ.ቲ.ፒ. እንቆቅልሽ

የሁለቱ ጫፎች ወሳኝ መጠን መለያየቱ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለቱም ጫፎች የሚታሰረውና የሚፈታው ቋጠሮ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ኃይል የሚወጣበት ሌላ ነገር ባይኖር ኖሮ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ቢፈጥንም እንኳ ወሳኙ መጠን በሁለቱም ዘንድ እኩል መሆን ይገባው ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው የኤ.ቲ.ፒ. መቃጠል ነው። አልብሬሕት ቬግነር በ1976 ይህን ተረድተው አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አሳዩ፤ የነጠላው አክቲን መጠን በሁለቱ ወሰኖች መካከል ሲሆን ክሩ በፈጣኑ ጫፍ እያደገ በዝግተኛው እያጠረ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ ይኖራል። በዳቦ ቤት በር ላይ ያለ ሰልፍ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ ሰዎቹ ግን በአንድ በኩል እየገቡ በሌላው እየወጡ እንደሚለዋወጡ ማለት ነው።

እንግዲህ ኤ.ቲ.ፒ. የሚቃጠለው ክሩን ለመሥራት ሳይሆን የክሩን ዕድሜ ለመቁጠር ነው። አዲስ የገባው ነጠላ ኤ.ቲ.ፒ. ይዞ ይገባል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ኤ.ቲ.ፒ.ው ይሰነጠቃል። የተለየው ፎስፌት ግን ወዲያው አይወጣም፤ ግማሹ እስኪወጣ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ፎስፌቱ ሲወጣ የነጠላዎቹ ትስስር ይላላል። በዚህም ምክንያት የክሩ ፊት ወጣት፣ የክሩ ኋላ ሽማግሌ ይሆናል፤ አፍራሾቹም የትኛውን ማፍረስ እንደሚገባቸው በዚህ ምልክት ይለያሉ። ከ1950 ጀምሮ እንደ ብክነት ይታይ የነበረው ወጪ ሥርዓት ላለው መፍረስ የሚከፈል ዋጋ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

አፍራሾቹና ጠጋኞቹ

ነገር ግን ሒሳቡ ገና አልሞላም ነበር። ንጹሕ የአክቲን ክር በዝግተኛው ጫፉ የሚለቀው በአራት ሴኮንድ አንድ ነጠላ ያህል ነው። ስለዚህ 370 ነጠላዎች ያሉት ክር ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ቴሪዮና ሚቺሰን በ1991 በዓሣ ቆዳ ሕዋሳት ላይ ሲለኩ ግን የክሮቹ አማካይ ግማሽ ዕድሜ ከግማሽ ደቂቃ በታች ሆኖ ተገኘ። ሕዋሱ ከንጹሕ አክቲን በብዙ ዐሥር እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ይህን ፍጥነት የሚሰጡት ረዳት ፕሮቲኖች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አፍራሾች ናቸው። ጄምስ ባምበርግ በ1980 ከጫጩት ፅንስ አንጎል፣ ኒሺዳና ባልደረቦቻቸው በ1984 ከአሳማ አንጎል የለዩአቸው ተቀራራቢ ፕሮቲኖች ዛሬ በኮፊሊን ቤተሰብ ይመደባሉ። ኮፊሊን ኤ.ዲ.ፒ. የያዘውን፣ ማለት ያረጀውን የክር ክፍል መርጦ ይይዛል፤ የክሩንም ግምድ ይለውጣል። ኮፊሊን የያዘውና ያልያዘው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ ክሩ በቀላሉ ይሰበራል። አንድ ክር በተሰበረ ቁጥር ነጠላ የሚለቁ ጫፎች ይበዛሉ፤ መፍረሱም ይፋጠናል።

ሁለተኛዎቹ የወጣውን ነጠላ የሚያድሱና የሚያከማቹ ናቸው። በ1977 ካርልሶንና ሊንድበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጥጃ ጣፊያ ያገኙት ፕሮፊሊን ነጠላው ያረጀ ኤ.ዲ.ፒ.ውን ጥሎ አዲስ ኤ.ቲ.ፒ. እንዲይዝ ያፋጥናል፤ ከዚያም ወደ ፈጣኑ ጫፍ ያደርሰዋል። በ1991 ማንነቱ የታወቀው ቴይሞሲን ቤታ 4 ደግሞ፣ 43 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ ነጠላዎቹን ይዞ በጎተራ እንዳለ እህል ያቆያቸዋል። በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ያልተያያዘው አክቲን ከ100 ማይክሮሞላር በላይ፣ ማለት ከወሳኙ መጠን ሺህ እጥፍ ያህል ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ክር የማይለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በክሮቹ ፈጣን ጫፍ ላይ እንደ ቆብ እየተደፋ ዕድገታቸውን ይገታል፤ በዚህም ነጠላዎቹ ለሚያስፈልጉበት ቦታ ይተርፋሉ።

ሦስተኛዎቹ ጀማሪዎች ናቸው። ማቼስኪና ፖላርድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1994 ከአሜባ የለዩት አርፕ 2/3 የተባለው የሰባት ፕሮቲኖች ስብስብ፣ በነባር ክር ጎን ላይ ተቀምጦ በ70 ዲግሪ ያዘነበለ አዲስ ቅርንጫፍ ያስጀምራል። ፎርሚን የተባሉት ደግሞ ረጅምና ቅርንጫፍ የሌለው ክር ይጀምራሉ፤ እያደገም ሲሄድ ከፈጣኑ ጫፍ አይለዩም። ጫፎቹ ከሕዋሱ ሽፋን ሥር ይደርሳሉ፤ ሽፋኑም በሙቀት ምክንያት ዘወትር ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር አንድ ነጠላ ገብቶ ቦታውን ይይዛል፤ ሽፋኑም ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ይታገዳል። የሕዋሱ እርምጃ የእነዚህ እጅግ ጥቃቅን ግፊቶች ድምር ነው።

የባክቴሪያ ምስክርነት

እነዚህ ሁሉ ለእንቅስቃሴ የሚበቁ መሆናቸውን ለማረጋገጥ የረዱት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊስቴሪያ ወደ ሕዋስ ከገባ በኋላ የሕዋሱን አክቲን በገላው ላይ እያስጀመረ እንደ ጅራታም ኮከብ ጅራት አስከትሎ እንደሚጓዝ ቲልኒና ፖርትኖይ በ1989 አሳዩ። በ1897 ኪዮሺ ሺጋ ያገኙት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውና በኢትዮጵያም የጤና ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው የሺጌላ ወገን እንዲሁ ያደርጋል። ከአንጀት ሕዋስ ወደ ጎረቤት ሕዋስ የሚሻገረው በአክቲን ጅራት ተገፍቶ ነው፤ በዚህም ከሕዋስ ውጭ ከሚጠብቁት የሰውነት መከላከያዎች ይሰወራል። የራሱ ሞተር የለውም፤ በባለቤቱ እንጨት በባለቤቱ ግቢ ዳስ የሚጥል ሌባ ነው።

በ1999 ሎይዘል፣ ካርሊየና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ አገር የሊስቴሪያንና የሺጌላን ጉዞ ሕዋስ በሌለበት፣ በንጹሕ ፕሮቲኖች ብቻ በብልቃጥ ውስጥ አስገኙ። አክቲን፣ አርፕ 2/3፣ ኮፊሊንና ቆብ ደፊው ፕሮቲን በዋናነት አስፈላጊ ሆነው ተገኙ፤ ፕሮፊሊንና ሌሎችም ጉዞውን አሻሻሉት። በዚህ አጭር ዝርዝር ውስጥ ከጀማሪው አጠገብ አፍራሹና ገቺው መገኘታቸው ልብ ሊባል ይገባል።

በሰው ጤና ላይ ያለው ፍሬ ነገር

የዚህ ሚዛን መዛባት ምን እንደሚያስከትል በሕፃናት ላይ ታይቷል። በ1937 ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም አልፍሬድ ቪስኮት፣ በ1954 አሜሪካዊው ሮበርት አልድሪች የገለጹት በሽታ በዘር የሚተላለፍና በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን የሚይዝ ነው። ሕፃኑ ደሙ ቶሎ አይረጋለትም፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገምበታል። በ1994 ጂኑ ሲገኝ፣ ጉድለቱ በደም ሕዋሳት ውስጥ አርፕ 2/3ን ለሥራ በሚቀሰቅስ ፕሮቲን ላይ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ክሩን በጊዜውና በቦታው መጀመር ያልቻለው ነጭ የደም ሕዋስ ጠላቱን ሊደርስበት አይችልም።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ2001 የታወቀው ተቃራኒ ሁኔታ ነው። በዚሁ ጂን ላይ የደረሰ ሌላ ለውጥ ፕሮቲኑን ያለ ዕረፍት ቀስቃሽ ያደርገዋል። ክር በገፍ ይሠራል፤ ሆኖም ልጁ አይጠነክርም። ይልቁንም ከነጭ የደም ሕዋሳቱ ዋነኞቹ ቁጥራቸው ክፉኛ ያንሳል፤ እርሱም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። የመሥራት ጉድለትና የመሥራት ብዛት ሁለቱም ሕፃኑን ወደ አንድ አልጋ ያመጡታል።

የመርዛማው አማኒታ እንጉዳይ ፋሎይዲን የተባለ ንጥረ ነገርም ይህንኑ ይመሰክራል። እንጉዳዩን የበላ ሰው በዋናነት የሚሞተው በሌላው መርዙ በአማኒቲን ነው፤ ፋሎይዲን በእንስሳት ደም ውስጥ ሲሰጥ ግን ጉበትን ያጠፋል። የሚያጠፋውም ክሩን ሰባብሮ አይደለም፤ ክሩን አጽንቶ እንዳይፈርስ በመከልከል ነው። ዛሬ በቀለም የተነከረው ፋሎይዲን ክሮችን በማይክሮስኮፕ ለማየት በየቤተ ሙከራው ያገለግላል።

ሰውነት ራሱ ለመፍረስ ያዘጋጀው ጥንቃቄም አለ። በአደጋ ወይም በከባድ በሽታ ሕዋሳት ሲሞቱ አክቲናቸው ወደ ደም ይፈስሳል፤ በደም ውስጥም ክር ሆኖ ቀጫጭን ሥሮችን ሊዘጋ ይችላል። ጌልሶሊን የተባለው የደም ፕሮቲን ክሩን ይቆርጣል፤ ቪታሚን ዲን የሚሸከመው ፕሮቲን ደግሞ ነጠላዎቹን ለቅሞ ይይዛል።

ካንሰርን በተመለከተ አንድ ትልቅ ችግር ገና አልተፈታም። ከአክቲን ጋር በሕዋስ አጽም ውስጥ የሚገኙትን ማይክሮቱቡሎች የሚመቱ እንደ ቪንክሪስቲን ያሉ መድኃኒቶች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በሆስፒታሎች ይሠራባቸዋል። ቦታውን ለቆ የሚዛመተው የካንሰር ሕዋስ የሚጓዘው በአክቲን ሆኖ ሳለ፣ አክቲንን በቀጥታ የሚመታ መድኃኒት ግን ለካንሰር ሕክምና አልዋለም። ምክንያቱም ልብና ጡንቻ የቆሙት በዚሁ በአክቲን ላይ መሆኑ ነው። ጠላትን ለማቆም ሲባል ልብን ማቆም አይቻልም። ተመራማሪዎች ዛሬ ትኩረታቸውን ከክሩ ይልቅ በክሩ ረዳቶች ላይ ያደረጉት ስለዚህ ነው፤ እነርሱ ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያሉና።

ክቡራትና ክቡራን፤ ዴቪድ ሮጀርስ ያነሡት ያ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ በቀኝ በኩል የነበረው ፊቱ በሴኮንዶች ውስጥ ፈርሶ እንጨቱ ወደ ግራ ተሻግሯል። የቀድሞው ዳስ ባይፈርስ ኖሮ አዲሱ ባልተጣለ፣ ባክቴሪያውም ባመለጠ ነበር። የሕዋስ ሕይወት ሠርቶ በማቆየት ብቻ አይጸናም፤ የሠሩትን በጊዜው አፍርሶ ደግሞ በመሥራት ይጸናል።